የመረቡን ክር የጠቀለልኩበት ሳምንት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ቢቸና በሚገኘው የሹራብ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። የቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ፣ በማሽን ሹራብ የምትሠራው ስንዱ፣ በሩ አጠገብ ልብስ የሚሰፋው ሞላ፣ አራተኛው እኔ። የእጅ ሹራብ የተማርኩት ከስልክ ቪዲዮ ነው። ሁለት አሮጌ ሹራቦች ተርትሬ ክራቸው እስኪበጣጠስ ተለማምጄባቸዋለሁ። ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም።

እትዬ ጥሩወርቅ ስድስት ጥቅል ክር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"የሞጣዋ የዘይነባ ነው። ልጇን ልትድር ነው፤ ለስድስት ሚዜዎች ሽብሽብ ሻርፕ ትፈልጋለች፣ ለሚመጣው ሐሙስ። ክሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ሌላ አይገኝም። ካማረልህ ሥራውን ትቀጥላለህ። ካላማረልህ እንግዲህ አንቀያየምም።"

ክሩ እንደ ሌላው ክር አልነበረም። ሦስት ጣት የሚሰፋ መረብ ነው፤ ካርቶን ላይ እንደ ጥብጣብ ተነጥፎ ተጠምጥሟል። አንዱ ጠርዙ ላይ የሚያብለጨልጭ ክር አለው። ሌላው ጠርዝ ባዶ የመረብ ዓይን ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ ክሩን ሳይጠቀልል ሥራ የሚጀምር ሰው ሰነፍ ይባላል። ስለዚህ ስድስቱንም ከካርቶኑ ፈትቼ፣ አጥብቄ በኳስ ጠቀለልኳቸው። ብርቱካን አከሉ። ስንዱ "እንዴት ያለ ንጹሕ እጅ ነው!" አለችኝ። ደስ አለኝ። ጥፋቴ ይኸው ነበር።

በዚህ ክር ሲሠራ መርፌው የሚገባው በባዶው ጠርዝ ዓይኖች ብቻ ነው። አንድ ዓይን ይያዛል፣ አንድ ይዘለላል። ለአንድ መስመር ሰባት ይበቃል። የቀረው የመረቡ ስፋት ተንጠልጥሎ ይሸበሸብና ብልጭታው ከታች ይወጣል። ይህ የሚሆነው ግን ክሩ ተዘርግቶ ሲመጣ ነው። የእኔ ክር ከኳሱ ሲወጣ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ነበር። ባዶውን ጠርዝ የያዝኩ እየመሰለኝ የሚያብለጨልጨውን እይዛለሁ። አንድ ስንዝር ሠርቼ ስዘረጋው የብልጭታው ግማሽ ወደ ውስጥ ተቀብሯል። ፈታሁት። እንደገና ሠራሁት፣ እንደገና ፈታሁት። መረቡ መሻከር ጀመረ።

ሞላ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ አየኝ።

"አንተ፣ ይሄ ሻርፕ ነው የዶሮ አንጀት?"

ተነሥቼ ወደ ባለቤቲቱ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ክሩን አበላሽቼዋለሁ። መጠቅለል አልነበረብኝም።"

"ስንቱን?"

"ስድስቱንም።"

"ዘይነባን ምን ልበላት እንግዲህ?" አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያዳነችኝ ስንዱ ናት። "እናቴ ፈትሉ ሲከርባት እንዝርቱን አንጠልጥላ ትለቀዋለች። ራሱ ዞሮ ዞሮ ይላላል" አለች። ከአንዱ ኳስ ሁለት ክንድ ያህል ለቀቅን። ኳሱ እንዳይፈታ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ፤ የክሩ ጫፍ ጣሪያው ሥር ካለ ሚስማር ላይ ታሰረ። ኳሱ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ መዞር ጀመረ። ፈጠነ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ክሩ ተዘረጋ። በረጠበ እጅ አለሰለስኩትና ካርቶኑ ላይ እንደ ድሮው ጠመጠምኩት። ከዚያ ቀጣዩን ሁለት ክንድ።

እያንዳንዱ ኳስ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሞላ እንኳ እጁ ባዶ ሲሆን ካርቶኑን ይይዝልኝ ነበር። የተስተካከለውን ክር ማታ ማታ እየሠራሁ ስድስቱንም ሻርፕ ረቡዕ ጨረስኩ።

ሐሙስ ጠዋት በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ሄድኩ። ወይዘሮ ዘይነባ ጨርቅ መሸጫ ሱቃቸው ውስጥ፣ ከሙሽራዋ ልጃቸው ጋር ነበሩ። ሻርፖቹን ደረደርኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው የእያንዳንዱን ጠርዝ በጣታቸው ተከተሉ።

"እትዬ ዘይነባ፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ነው የተሠራው። ትንሽ ሻክሯል" አልኳቸው።

"የትኛው?"

አሳየኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አገላበጡት።

"የለም፣ ምንም አይታይም።"

"ከጫፉ አንድ ስንዝር ላይ ነው።"

"አንተ ልጅ፣ ሥራህን ልታስረክበኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትከሰው?"

ሙሽራዋ ሳቀችና ሻርፑን ከእናቷ እጅ ወስዳ አንገቷ ላይ ጣለችው። ብልጭታው በሙሉ ከታች ነበር። ወይዘሮ ዘይነባ "ማሻአላህ" አሉ።

ከሚኒባስ ማቆሚያው ለእትዬ ጥሩወርቅ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ወደውታል።"

"ተመስገን! በል ነገ በጊዜ ግባ፤ የሕፃናት ሹራብ ትእዛዝ መጥቷል" ብለው ዘጉት። እስከ ቢቸና ድረስ ተኝቼ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁንም እዚያው ቤት እሠራለሁ። የማላውቀው ክር ሲመጣልኝ፣ ከመፍታቴ በፊት እንዴት እንደተጠመጠመ አያለሁ። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

የመጀመሪያውን ኳስ ሚስማሩ ላይ ማን እንዳሰረው አላስታውስም። ስንዱ ሞላ ነው ትላለች፤ ሞላ እኔ አይደለሁም ይላል። በዚያ ሳምንት እዚያ ቤት ገባ ወጣ ያላችሁ፣ ያየ ካለ ይንገረን፤ ያጎደልኩትንም ጨምሩበት።