የሺንሺቾው ነጭ ቁራ

በቦታው የነበርነው አራት ነን፦ አክስቴ ወይዘሮ አማረች፣ ልጃቸው መምህር ታምራት፣ ጎረቤታቸው አቶ ኑሪ እና እኔ። ስማችንን ያስቀደምኩት ነገሩ ምስክር ስለሚያስፈልገው ነው።

አክስቴ ጓሯቸው ውስጥ ነጭ ቁራ እንዳዩ ከሺንሺቾ ደውለው ሲናገሩ ታምራት አላመነም። «ቁራ ማጅራቱ ነጭ ነው፤ የቀረውን የቀባው የእማዬ ዓይን ነው» አለኝ። ዓይናቸው ደክሟል ብሎ፣ ቤታቸውን ዘግተው ሆሳዕና እሱ ዘንድ እንዲገቡ ሲወተውታቸው ቆይቷል።

እሳቸውም «ኑና እዩ። ካላያችሁት ሻንጣዬን ይዤ አብሬያችሁ እመጣለሁ» አሉ።

ከሆሳዕና መናኸሪያ

ቅዳሜ ማለዳ የዱራሜ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ቆይቶ ሦስት ሰው ጨመረብን። የምንሄድበትን ምክንያት ሲሰማ «እንግዲህ የቁራ መልእክተኛ ሆናችሁ እንዳትቀሩ» ብሎ ሳቀ። ከአንጋጫ ወዲያ የሃምበሪቾ ተራራ አናቱን በጉም ሸፍኖ ነበር። ዱራሜ ላይ ወርደን ለሺንሺቾ ሌላ መኪና ያዝን።

ጓሮው

ትኩስ ቆጮ በአይብ ከበላን በኋላ እንሰቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀመጥን። አቶ ኑሪ አጥሩን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ቁራዎች መጡ፤ ሁሉም ጥቁር፣ ማጅራታቸው ብቻ ነጭ።

«እማዬ፣ ሻንጣሽን ላውጣው?»

«ቁጭ በል።»

ደመናው ሲከብድ ታምራት ተነስቶ ሻንጣውን አወጣ። ያን ጊዜ አክስቴ ወደ አቮካዶው ዛፍ በአገጫቸው አመለከቱ። እኔ የማየው ቅጠል ብቻ ነበር።

«የደረቀው ቅርንጫፍ ላይ» አሉኝ።

ቁራው ዞር ሲል አየሁት። ምንቃሩና እግሩ ጥቁር፣ መላ አካሉ ግን ፈዛዛ ቡናማ።

«እትዬ፣ ነጭ አይደለም። ማኪያቶ ነው።»

«ማኪያቶ የት አውቄ?»

ታምራት ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ዛፉ ተጠጋ።

«መምህር፣ ሻንጣውን ወደ ቦታው መልስ» አሉ አቶ ኑሪ ከአጥሩ ማዶ።

መልስ

ሆሳዕና የተመለስነው እንደ ሄድነው ሁለት ሆነን ነው። ጓሮውን ዕለት ዕለት በሚያይ ሰው ላይ ከሩቅ በስልክ መፍረድ እንደማይገባ ተምሬያለሁ። ታምራትም መንገዱን ሙሉ ስለ ዓይን አላነሳም።

አንድ ነገር ግን አልተስማማንም። ቁራው ሲበር ክንፉ ላይ አንድ ጥቁር ላባ ታይቷል፤ እኔ የግራው ነው እላለሁ፣ ታምራት የቀኙ ነው ይላል። አቶ ኑሪ፣ እርስዎ በአጥሩ በኩል ስለነበሩ የቱ እንደሆነ ይጨምሩልን። አክስቴን በስልክ ጠይቄያቸው ነበር።

«ኑና እዩ» አሉኝ።