የማንኩሳው ዳገትና ወንድሜ አስናቀ

ወንድሜ አቶ አስናቀ ዐርፈዋል። ከዚህ መጀመር አልፈለግሁም፤ ግን ሌላ መጀመሪያ አላገኘሁለትም። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጅጋና በማንኩሳ የምታውቋቸው ሁሉ፣ የጥርስ ሕክምና ማሽን የሚጠግኑት አስናቀ፣ ጥቁር ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንግተው በሚኒባስ የሚመላለሱት ሰው፣ ዛሬ የሉም። አልታመሙም ነበር። ማለቴ፣ አልታመሙም ብለን ነበር የምናስበው።

የሆነው እንዲህ ነው። በዚያ ጠዋት ቡሬ ካለ አንድ ክሊኒክ ተደውሎ የጥርስ መሰርሰሪያው ቆሟልና ይድረሱልን ተባሉ። ሄዱ። ቦርሳቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ፤ ሰላምታ ሰጡ፤ ከታካሚው ወንበር ሥር ተንበረከኩ። «መብራቱን ወደዚህ አዙሩልኝ» አሉ። አዞሩላቸው። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። የነበሩት ሰዎች የአየር ቱቦውን እያዳመጡ መስሏቸው ዝም ብለው ጠበቋቸው፤ ሥራ ላይ ዝም ማለት ልማዳቸው ነበረና። ጥቂት ቆይተው ሲጠሯቸው አልመለሱም። ልባቸው ነው አሉ ሐኪሞቹ።

እኔ ፍኖተ ሰላም ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ላይ ነበርሁ። በስልክ «ትንሽ አሟቸዋል፤ ና» ብቻ አሉኝ። መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ያደግሁበት አገር ነው። በዚያ ሰዓት ግን አላወቅሁም። ለታመመ ሰው ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ የማንጎ ጭማቂ ገዝቼ ተሳፈርሁ። ቡሬ ስደርስ ክሊኒኩ በር ላይ የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ጭማቂውን ማን እንደተቀበለኝ አላስታውስም። ምናልባት ማንም አልተቀበለኝም። ቀብሩም ላይ ይዤው የነበርሁ ይመስለኛል።

ጋሼ ከእኔ በብዙ ዓመት ይበልጣሉ። አባታችን እኔ ፊደል ሳልቆጥር ስለሞቱ ያሳደጉኝና እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። አንቱ የምላቸውም ለዚህ ነው። ሥራቸውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ የገባኝን ያህል ልናገር።

የጥርስ መሰርሰሪያ ከእርሳስ ብዙም የማይወፍር ዕቃ ነው። ጫፉ ውስጥ በአየር ግፊት የሚሽከረከር ነገር አለ፤ እርሱን የሚይዙት ኩሽኔታዎች ከምስር ፍሬ እምብዛም አይበልጡም። ታካሚ በተነሣ ቁጥር ታጥቦ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ትርፉን ዘይት እስኪተፋ ጥቂት ዞሮ፣ ከዚያ ነው ጀርሙ እንዲሞት በእንፋሎት የሚቀቀለው። ዘይት ሳይጠጣ የተቀቀለ እንደሆነ ኩሽኔታው ይቃጠላል። ጋሼ ለነርሶቹ ሁሉ «እንግዳ ሳይጠጣ አይተኛም» ይሉ ነበር። ሲስተር ዘውዴ የምትባለው የፍኖተ ሰላሟ ነርስ አሁንም ዕቃ ባጠበች ቁጥር ይህን ለራሷ ስትል ሰምቻታለሁ።

የጠገኑትን ዕቃ ለባለቤቱ ከመመለሳቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸው አጠገብ ያዞሩታል። በዚህ ብቻ ግን አያምኑትም። ከሉካንዳው ከአያ ደሴ የበሬ ጥርስ እየለመኑ ያጠራቅሙ ነበር፤ መሰርሰሪያውን በዚያ ላይ ያሠሩታል። አያ ደሴ «እኔ ሥጋውን ሸጥሁ፣ አንተ የበሬ ጥርስ ሐኪም ሆነህ ቀረህ! መቼ ነው ወርቅ የምታስገባለት?» እያለ ይተርባቸዋል። እርሳቸውም «ባዶውን ሲዞርማ ሁሉም ጎበዝ ነው። ሥራ ሲይዘው ነው የሚታወቅ» ይሉታል።

ሌላም አባባል ነበራቸው። «ማሽን ሳይናገር አይሞትም፤ የማንሰማ እኛ ነን» ይሉ ነበር። ታዲያ እርሳቸውስ? ከሞቱበት ቀን ጀምሮ ይህን ነው የማስበው። ተናግረው ነበር ወይ? እኔ ነኝ ወይ ያልሰማሁ?

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት አንድ ቀን ላንሣ። ምሳ አብረን ልንበላ ተቀጣጥረን ፍኖተ ሰላም ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ከጅጋ የመጡ አያ ምናለ የሚባሉ ገበሬ፣ አጥንት ውስጥ የተቀበረ የመንጋጋ ጥርስ ሊወጣላቸው ወንበሩ ላይ ተጋድመዋል። ሐኪሟ ዶክተር ሰላም ድዱን ከፍታ ጥርሱን ለሁለት ልትከፍለው ስትል መሰርሰሪያው አቃሰተና ቆመ። ጋሼ ተጠርተው ገቡ። አያ ምናለ ግማሽ ፊታቸው ደንዝዟል።

«ምነው፣ ግማሹን ትታችሁት ልትሄዱ ነው?» አሉ በተንሻፈፈ አፍ።

«አያ ምናለ፣ እርሻ መሐል በሬዎ ቢቆም ያርዱታል?» አሏቸው ጋሼ።

«ምን ሲደረግ! ቀንበሩን አያለሁ እንጂ። ማነቆውን አያለሁ።»

«እኔም ቀንበሩን ልይ። በሬው ደኅና ነው።»

መሰርሰሪያውን አልነኩትም። ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከሩቁ ነው፤ መብራቱን፣ አየሩን፣ ቱቦውን አይተው በመጨረሻ ነው ዕቃውን የሚከፍቱት። ወደ ጓሮ ወጥተው አየር የሚያጠራቅመውን የኮምፕረሰሩን በርሜል ከሥሩ ሲከፍቱት የዛገ ውኃ ተንዠቀዠቀ። ማታ ማታ ይህን ውኃ ማፍሰስ ተረስቶ ኖሮ፣ ውኃው አልፎ ማጣሪያውን ደፍኖታል። ማጣሪያውን ለወጡ። ዶክተር ሰላምም የተቀቀለ ሌላ መሰርሰሪያ ገጥማ ሥራዋን ጨረሰች።

«በሬው ምን ሆኖ ነው?» አሉ አያ ምናለ ሲነሡ።

«ጠጥቶ ነው።»

«ማን አጠጣው?»

«አይ፣ ይሳቁብኝ እንጂ አይመርምሩኝ!» አሉ ጋሼና ክንዳቸውን ይዘው ደገፏቸው። በዚያ ቀን ወደ ጅጋ የሚሄድ መኪና ስላልነበረ ቤታቸው ወስደው አሳደሯቸው። ማኘክ አይችሉምና የጋሼ ባለቤት እትዬ የሽወርቅ አጥሚት ሠሩላቸው። አያ ምናለ ለቀብሩ ከጅጋ በእግራቸው ነው የመጡት። ከሬሳ ሣጥኑ ኋላ ኋላ ሲሄዱ አየኋቸው።

አሁን ወደ ሰልስቱ ልምጣ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። አያ ደሴ ሲያለቅስ ቆየና እንደ ልማዱ ጨዋታ ጀመረ።

«ከእንግዲህ ማን ያጫውተናል? ከሉካንዳዬ ፊት ያለችውን ዳገት ሲወጣ መሐሏ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ሳይተርበኝ አያልፍም ነበር።»

ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ።

ዶክተር ሰላም «እኔንም እንደዚሁ ነበር» አለች። «ደረጃው መሐል ላይ ሲደርሱ ነው ወሬ የሚጀምሩት። ቶሎ እንውጣ ስላቸው፣ ቆይ ይችን ልጨርስልሽ ይሉኛል።»

እትዬ የሽወርቅ አንገታቸውን ሳያነሡ፣ «ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የላይኛው ዳገት ላይ ቆሞ የመንገደኛውን ሁሉ ጤና ይጠይቃል። ምሳው ይቀዘቅዛል እለዋለሁ። ሰው አይበልጥም ወይ ይለኛል» አሉ።

እኔም የራሴን ልጨምር አፌን ከፈትሁ። የእናታችን ቤት ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ዳገት ላይ ነው። ባለፈው አብረን ስንወጣ ጋሼ እኩሌታው ላይ ቆመው «ይሄ ጤፍ የማን ነው? እንዴት ያለ ነው በል!» ብለውኝ ነበር። ልናገር ስል የእኔም ዳገት ላይ እንደነበር ገባኝ። ቀና ስል ዶክተር ሰላም እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ሁልጊዜ ዳገት ላይ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

ሜዳ ላይ ቆመው ሲያወሩ ያያቸው ሰው ነበር? አልነበረም። ሜዳ ላይማ በእርምጃ የሚደርስባቸው አልነበረም። ጨዋታው ሁሉ፣ ያ የምንወድላቸው ጨዋታ፣ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነበር። በየግላችን አንድ አንድ ቁራጭ ይዘን፣ ሳንገጣጥመው ኖረን፣ ገጥመን ያየነው ከቀበርናቸው በኋላ ነው። እንዴት እንዲህ ይሆናል? ባዶውን ሲዞሩ ነው የሰማናቸው። ሲጫንባቸው የወጣውን ድምፅ ቀልድ ነው ብለን ስቀንበታል።

የቡሬውን ማሽን ኋላ ሌላ ባለሙያ መጥቶ አየው። ቱቦው ወንበሩ እግር ሥር ተጣጥፎ አየር አላሳልፍ ብሎ ነው። የወንድሜ እጅ የተገኘው እዚያው ቱቦ ላይ ነበር አሉኝ። አግኝተውት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሆኗል፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እርሱ ነው። እናታችንን ወደ ቤቷ ልመልሳት ያን ዳገት ስንወጣ እኩሌታው ላይ ቀጥ አለች።

«ያ ጤፍ የማን ነው ልጄ?» አለችኝ።

ጤፉ ከታጨደ ቆይቷል፤ የምታየው ገለባ ነው።

«እማዬ፣ ጤፉን ተይው። ደረትሽን ነው?»

«ምን ደረት አለኝ። ሐዘን ነው።»

«ሜዳው ላይ ሐዘኑ የት ሄዶ ነበር?»

መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ትንሽ ያፍነኛል» አለች። «አስናቀም እዚሁ ነበር የሚያሳርፈኝ። ለእኔ ብሎ ነው ስል...» አልጨረሰችውም።

ጎኗ ተቀመጥሁ። ወደ ቤት አልወጣንም፤ ቀስ ብለን ወረድንና ሐኪም ቤት ወሰድኋት። ደም ግፊት ነው፣ ልቧንም እንከታተለዋለን አሉ። አሁን መድኃኒቷን ትወስዳለች። «ለዳገት ኪኒን አለውን? ጉድ ነው!» እያለች ታጉረመርማለች፤ ግን ትውጣለች። አሁንም ዳገቱ ላይ እናርፋለን፤ ስለ ጤፍ ግን አናወራም። «ደከመኝ» ትለኛለች፣ እንቀመጣለን።

ለእናንተ ለምታውቋቸው ሁሉ የምለው ይህን ብቻ ነው። ጎናችሁ የሚሄድ ሰው ዳገት ላይ ቆሞ መልካም ጨዋታ ቢጀምር ሳቁለት፤ ከዚያ ግን ጠይቁት።

ጋሼ፣ ማሽን ሳይናገር አይሞትም ብለውኝ ነበር። እርስዎም ተናግረው ነበር። ጤፉ አምሮበት ነበር፤ እኔም አዎ ጋሼ ብዬ ቀድሜዎት ወጣሁ። የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ የሰማሁት ግን እናታችንን አትርፎልኛል። ቦርሳዎን እትዬ የሽወርቅ ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል። የበሬ ጥርሶቹን አያ ደሴ መጥቶ አይቶ፣ አልወስድም ብሎ ተመለሰ። እኔ አለሁ። እማዬም አለች። ደኅና ይሁኑ ጋሼ። ዳገቱ አልቋል፤ ከእንግዲህ የሚያጫውቱትን ተቀምጠው ያጫውቱ።