አባቴና የሱራፌል ኡሩክ

ባለፈው ሳምንት አባቴ ደወለና ገና ደህንነቴን ሳይጠይቅ «ሱራፌል እንዴት ነው?» አለኝ። የአክስቴን ልጅ ስም ከአባቴ አፍ ስሰማ ዛሬም እቀናለሁ። ቅናት ከሰው ጋር አያረጅም መሰለኝ።

በፈረንጆቹ 2020፣ በወረርሽኙ ምክንያት የከተማችን ካዚኖዎች የተዘጉ ሰሞን፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የካዚኖ ካርድ አዳይ ነበር፤ ሥራ ፈትቶ ማውንተንስ ኤጅ የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ይንጎራደዳል። ሱራፌል በዲቪ ከመጣ ገና መንፈቁ ስለነበር እኛው ጋ ነበር የሚኖረው። ሁለታችንም ኮሌጅ ገብተን አንድ ዓይነት የጥንት ሥልጣኔ ታሪክ በኮምፒዩተር እንማር ነበር፤ እኔ መኝታ ክፍሌ፣ እሱ ሳሎን።

ክላሱ ባለቀ ቁጥር አባቴ ቃሪያ የበዛበት እንቁላል ይጠብስና ከሱራፌል ፊት ይቀመጣል። «እሺ፣ ዛሬስ ምን አሉ?» ይለዋል። እኔን እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። የጥብሱ ሽታ በክፍሌ በር ሥር ይገባል።

አንድ ቀን ሱራፌል «ጋሼ፣ ኡሩክ የምትባለው ከተማ ውስጥ ለሠራተኛ ገብስና ቢራ ነበር የሚሰፈርለት» ሲለው ሰማሁ።

«ቲፕ የለም በለኛ!»

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። እኔም እኮ ያንኑ ነገር በዚያው ሰዓት ተምሬያለሁ፤ ያውም ከሱ በተሻለ እንግሊዝኛ! ተንገበገብኩ። የገዛ አባቴን የቀማኝ መሰለኝ።

ጥቅምት ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አባቴ ትልቁን የወንዝ ግድብ ሊያሳየን አጠገባችን ወዳለችው ቦልደር ሲቲ ነዳ። ሱራፌል ጋቢና ገባ። ጋቢናዋም ሄደች! ከኋላ ሆኜ ቆሎ እየቆረጠምኩ አኮረፍኩ። ከግድቡ በላይ ስንቆም አባቴ «ውሃ ያልያዘ ሰው ከተማ አይሠራም፤ አይደል ሱራ?» አለ። ሱራፌል ፎቶ ሊያነሳ ራቅ ሲል አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ እኔም እኮ ያንኑ ክላስ ነው የምወስደው። አንድ ቀን እንኳ ለምን አትጠይቀኝም?»

ግር ብሎት አየኝ። «አንተማ ሳንኳኳ ‹ክላስ ላይ ነኝ› ትላለህ፤ ሲያልቅ ‹ፋይን ነው› ትለኛለህ። ልጄ ምን እየተማረ እንደሆነ ከማን ልስማ? ሱራን ነዋ የምጠይቀው።»

ቆሎውን ዘግኜ ሰጠሁት።

ይህን የሰማ ሁሉ ቅናቴ የዚያን ዕለት የበረደ ይመስለዋል። አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት። አባቴ ለእኔ ሲል የመጀመሪያዎቹን ከተሞች ከሥር ከመሠረታቸው ተምሯል። እኔ ሳቁን ብቻ ነው የሰማሁት። ፊቱን ያየው ሱራፌል ነው።