ሽቦ ላይ የተሰኩ ቦቢኖች

አክስቴ ሰዓዳ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ ከክሮቿ ልታርቀኝ ብላ ነው ወይስ የዓይኔን ነገር አውቃ? ይሄን ጥያቄ ስንት ዘመን እንዳገላበጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ዛሬም መልስ የለኝም። እሷ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት፣ አሁን ደግሞ የምትጠየቀው የለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ቀይን፣ አረንጓዴንና ቡኒን አልለይም። ጨርሶ ቀለም አላይም ማለቴ አይደለም፤ ሰማያዊና ቢጫ እንደማንኛውም ሰው ይታዩኛል። እነዚህ ሦስቱ ግን አንድ ዓይነት ደብዛዛ ነገር ሆነው ነው የሚመጡብኝ። ልጅ እያለሁ፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለው መንደራችን በርበሬ ሲለቀም፣ ሌሎቹ ልጆች የቀላውን እየመረጡ ያልፋሉ፤ እኔ ያልቀላውንም አብሬ እለቅማለሁ። አባቴ ስንፍና ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ቅርጫቴን አየና "ይቺ ልጅ ለማሳ አትሆንም" አለ። እንጀራ እናቴም ቀበል አድርጋ "እህትህ ዘንድ ላካት፣ ክር እንኳ ታቀብላት" አለች። ሐይቅ ከተማ፣ አክስቴ ቤት የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከበርበሬ ሸሽቼ ክር ላይ ወደቅሁ።

እቴ ሰዓዳ (እንደዚያ ነበር የምጠራት) ቤቷ ውስጥ የምትሰፋ ሴት ነበረች። በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ቤቱ የመኪና ዘይትና አዲስ ጨርቅ ይሸታል፤ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲመጣ ደግሞ ዳር ላይ የሚጸዳው የቆሮሶ ዓሣ ሽታ ይጨመርበታል። ክሮቹ ሁሉ በአንድ ሰፌድ ውስጥ ተቀላቅለው፣ ጫፋቸው እርስ በርስ ተተብትቦ ነው ያገኘኋቸው። የምትፈልገውን ለማውጣት ስትጎትት ሌላ አምስት ተከትሎ ይመጣል። በገባሁ ሰሞን "ከድጃ፣ ክሬን ካወቅሽልኝ እዚሁ ትኖሪያለሽ። ወደፊትም ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ፣ ኢንሻአላህ" አለችኝ። ካላወቅሁስ? እሱን አላለችም። እኔ ራሴ ሞላሁት፦ ካላወቅሁማ ወደ በርበሬው።

ስለዚህ ክሮቹን በቀለማቸው ሳይሆን በቦታቸው ለማወቅ ተነሳሁ። ከወደቀ በር ላይ ጣውላ አግኝቼ ሚስማር መታሁበትና ግድግዳው ላይ አቆምኩት። ያኔ ክር የሚመጣው በእንጨት ማጠንጠኛ ተጠቅልሎ ነበር፤ የቀዩን እንጨት ጠርዝ አንዴ፣ የአረንጓዴውን ሁለቴ እነክሰዋለሁ፣ ቡኒውን ሳልነክስ እተወዋለሁ። በጨለማም ቢሆን በጣቴ ዳብሼ አወጣቸዋለሁ። ያስቸገሩኝ ቦቢኖቹ ናቸው፤ ከመርፌው ሥር ገብተው የታችኛውን ክር የሚያወጡት ትንንሾቹ ማጠንጠኛዎች። ብረት ስለሆኑ ጥርስ አያርፍባቸውም። እነሱን በረጅም ሽቦ ላይ በተራ ሰካኋቸው፤ ከበሩ በኩል ቀዮቹ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴዎቹ፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ መጨረሻ ላይ ቡኒዎቹ። ነጭና ጥቁሩን መሀል ያስገባሁት እንደ አጥር እንዲሆኑልኝ ነው።

አዲስ ክር ሲመጣ ቀለሙን መጀመሪያ ከሰው አፍ መስማት ነበረብኝ። ለዚህ የአክስቴ ልጅ ዘሃራ ጠቀመችኝ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ሰው ማረም ደግሞ ነፍሷ ነው። አዲሱን ክር ይዤ "ዘሃራ፣ ይሄ ያንቺን ቀሚስ አይመስልም?" እላታለሁ።

"ኧረ ዓይንሽ ይጥፋ! የኔ ቡኒ፣ ይሄ አረንጓዴ! ያርዲቦ ልጅ ሳር ስታይ አድጋ አረንጓዴ አታውቅም?"

እኔም "አሃ፣ ልክ ነሽ" ብዬ እሄድና ሁለቴ እነክሳለሁ። ስድቧን ችዬ ቀለሙን ይዤ እወጣ ነበር። እቴ "አረንጓዴ" ስትል ቃሉ ሳያልቅ ክሩ ከእጇ ይደርሳል። ጎረቤቶች "ማሻአላህ፣ ሰዓዳ ዓይናማ ልጅ አገኘች" ይሉ ነበር።

ዒድ ሲቃረብ ቤቱ ሊመረግ ሆነና ከግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ ወረደ። ምርጉ ደርቆ ዕቃው ሲመለስ እኔ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ጣውላው ተሰቅሏል፤ ሽቦውም ቦታው ላይ ነው። ዘሃራ ቦቢኖቹን አውጥታ፣ አቧራቸውን ጠርጋ፣ በመሰላት ደርድራ መልሳ እንደሰካቻቸው አላወቅሁም። አጥሬ ነጩና ጥቁሩ በቦታቸው ስለነበሩ አልጠረጠርኩም።

በማግስቱ እቴ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ያዘች። እናትየዋ የአምባሰል ሰው ናት፤ ከውጫሌ ድረስ ጨርቁን ይዛ የመጣችው የእቴን እጅ አምና ነው። ጨርቁ አረንጓዴ ነበር፤ እቴም አረንጓዴ ክር ጠየቀችኝ። የላይኛውን ክር ነክሻውን ዳብሼ ሰጠሁ። ቦቢኑን ከሽቦው ላይ፣ ከነጩ ቀጥሎ ካለው አውጥቼ መኪናው ውስጥ ራሴ አስገባሁት። እቴ አምናኝ ወደ ታች አላየችም። የታችኛው ክር ደግሞ ጨርቁ ሳይገለበጥ አይታይም።

ቀሚሱ አልቆ እቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገለብጠው የሙሽራዋ እናት ፊቷ ቁጭ ብላለች። ስፌቱ ከውስጥ ዳር እስከ ዳር ቀይ ኖሯል።

"በእመቤቴ! ሰዓዳ፣ ይሄ ቀይ ምንድን ነው?"

እቴ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችና "ታዲያ ሙሽራ አይደለች? ደጁን አገር ይየው፣ ጓዳው የባሏ ነው" አለች።

ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን "አሳቅሽኝ እንጂ ቀሚሱስ ይፈታል!" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ክር የምታቀብልሽ ይቺ ናት?"

"ይሄን ክር ያነሳሁት እኔው ነኝ" አለች እቴ።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ቀሚሱን በጭናችን ላይ ዘርግተን፣ እሷ ከአንገቱ እኔ ከጫፉ ጀምረን መፍታት ያዝን። እያንዳንዱን ስፌት ስፈታ "ነገ አባትሽ ጋ ትሄጃለሽ" የሚለውን እጠብቃለሁ። ልብሴን በየትኛው ፌስታል እንደምቋጥር ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር። ፈትተን ስንጨርስ ግን "እጅሽን ታጠቢ፣ ራት እንብላ" ብቻ ነው ያለችው።

ጠዋት ቦቢኖቹን በሙሉ ከሽቦው አውጥታ ምንጣፉ ላይ አፈሰሰቻቸው። "እኔ ላቀብልሽ፣ አንቺ ስኪ" አለችኝና ለራሷ እንደሚያወራ ሰው እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች ሰጠችኝ፦ ቀይ፣ ቀይ፣ ቡኒ፣ አረንጓዴ። ስንጨርስ ዘሃራን ጠርታ "ከከድጃ በቀር ይሄን ሽቦ የነካ ጠቡ ከኔ ጋር ነው" አለቻት። ከዚያ ወዲያ ቀለም ጠርታ ክር ስትጠይቀኝ ትዝ አይለኝም። "ከበሩ በኩል ሁለተኛውን" ነው የምትለው። ዓይኔን አውቃ ይሆን? ወይስ የዘረጋሁት ሥርዓት ለእሷም ተመችቷት ነው? እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱም ይሆናል።

መስከረም ሲጠባ እጄን ይዛ አንደኛ ክፍል አስመዘገበችኝ። ጡቴ ማጎጥጎጥ ጀምሮ ነበር፤ ከወገቤ የማይደርሱ ልጆች መሀል ጭራሽ ዛፍ መሰልኩ። ትምህርቱ ግን ገባኝ። መጽሐፍ የወደድኩት፣ እንደሚመስለኝ፣ ጥቁር በነጭ ስለሆነ ነው፤ እዚያ ውስጥ ማንንም ማታለል አልነበረብኝም። ዛሬ ውጫሌ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። መጽሐፍ ያለቦታው የመለሰ ተማሪ ምን እንደሚደርስበት ተማሪዎቹ ይነግሯችኋል።

እቴ ካረፈች በኋላ የስፌት መኪናው ለዘሃራ ደረሰ። አምና ልጠይቃት ሐይቅ ወርጄ፣ ክዳኑ እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ ውስጡ በጉድጓድ በጉድጓድ የተከፋፈለ የፕላስቲክ ሳጥን አሳየችኝ። ለየቦቢኑ አንድ አንድ ጉድጓድ አለው። ቦቢኖቹም አሁን ፕላስቲክ ናቸው። ሁሉንም ከነኮተቱ ፊቴ ገለበጠችና "ነይ እስኪ በየቀለሙ አድርጊልኝ፤ ካንቺ በላይ ክር የሚያውቅ የለም" አለችኝ።

እጄን ዘርግቼ መለስኩት። ነክሻ የለ፣ ተራ የለ፣ ሽቦ የለ።

"ዘሃራ፣ እኔ ቀይና አረንጓዴ አልለይም።"

"ሂጂ ወዲያ!"

"ወላሂ። ቡኒም ጭምር።"

አንዱን አነሳችና "ይሄስ?" አለች። "እንጃ።" ሌላ አነሳች። "እንጃ።" ሻርፗ እስኪወልቅ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"ያኔ ሁሉ በምን ነበር የምታወጪው?"

"በቦታው።"

"እና ያ የሙሽራዋ ቀሚስ... ሽቦውን የበጠበጥኩት እኔ አይደለሁ? ምነው ያኔ አልተናገርሽም?"

"ትመልሰኛለች ብዬ።"

"ወዴት?"

"ወደ አርዲቦ።"

"እማ አንቺን ልትመልስ?" አለች ዘሃራ። "እኔን ብትመልሰኝ ይቀላት ነበር!"

ሻርፗን መልሳ አሰረችና ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋች። "በይ፣ እኔ ልጥራ፣ አንቺ አስገቢ" ብላ ከክምሩ መጀመሪያ ያነሳችው ቢጫ ነበር።

"ይሄን እንኳ ታውቂዋለሽ" አለችና ወረወረችልኝ።