የእኔ ስሎዝ፣ የዘይነባ ወፍ

ልጅ እያለሁ፣ መስከረም ሲጠባ የመርካቶ ልጅ ዋና ጭንቀቱ ደብተሩን በምን እንደሚለብድ ነበር። አንድ ዓመት አባቴ ከምናለሽ ተራ አሮጌ የፈረንጅ መጽሔት በኪሎ ገዝቶ መጣ። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ዘይነባ ወለሉ ላይ ተዘርፍጠን፣ የወረቀቱ ሻጋታ እያስነጠሰን፣ ገጹን እየቀደድን ተካፈልን። እሷ ቀድማ አንዲት ቢጫ ዘፋኝ ወፍ አነሳች። ለእኔ ከዛፍ ላይ ቁልቁል የተንጠለጠለ ጸጉራም እንስሳ ደረሰኝ።

የሳይንስ አስተማሪያችን ስሎዝ እንደሚባል ነገሩን። ከዛፉ የሚወርደው በሳምንት አንዴ ገደማ ነው አሉ፤ ከመንቀርፈፉ ብዛት ጸጉሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ይበቅልበታል። የዘይነባ ወፍ ግን ብርድ ሲመጣ ባሕር አቋርጣ ትሄዳለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም መልስ እያወቅሁ እጄን እስካወጣ የምቀደም ልጅ ስለነበርኩ ስሜ ስሎዝ ሆኖ ቀረ።

አባቴ ሊያጽናናኝ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲለኝ፣ ዘይነባ «ጋሼ፣ ዕንቁላሉኮ የወፍ ነው» አለችው። እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እሷ ካለች መሸነፍ አይከብደኝም ነበር።

በዓመቱ ቦታው ለፎቅ ተፈለገና የእነ ዘይነባ ቤት ፈረሰ። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከከተማው ጥግ ገቡ። የእኛ ቤት ተረፈ፤ ሰው ሁሉ እድለኞች ናችሁ ይለን ነበር። ቅዳሜ እመጣለሁ ስላለችኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። ከራጉኤል የሚመለሰውም፣ ወደ መስጊድ የሚሄደውም ያልፈኛል። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ብቻዬን ነበርኩ። ወፍ ሌላ ቅርንጫፍ አታጣም፣ ስሎዝ ግን የያዛትን ይዞ ነው የሚኖረው እያልኩ አስብ ነበር።

ዛሬ የአባቴን ጨርቅ ሱቅ የያዝኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ገብታ በመጋረጃ ዋጋ ስትከራከረኝ በድምጿ ደነገጥኩ። እሷ አላወቀችኝም። ትሁን አትሁን እያልኩ ጨርቁን ሳጣጥፍ «በይ እህቴ፣ ሌላ ቦታ ልይ» ብላ ወጣች። በሩ ላይ ደርሼ «ዘይነባ» ብዬ ስጣራ ታክሲ ውስጥ ገብታለች። ያኔ ከጭቃ ግድግዳችን ማዶ ሆና፣ ስሟን ጠርቼ ሳልጨርስ «አቤት» ትለኝ ነበር። አሁን ዞር ብሎ ያየኝ ወያላው ብቻ ነው።

«አብነት ነሽ?» አለኝ፣ ወደ አብነት የምሳፈር መስሎት።