ኬብሉና የእህታቸው እጆች

ስማቸውን የሚያውቅ ቢፈለግ ከመሥሪያ ቤታቸው መዝገብ በቀር የሚናገር የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ኬብል ይላቸዋል። ሃያ ሰባት ዓመት ምሰሶ ላይ እየወጡ ለየቤቱ የኢንተርኔት ኬብል ሲያስገቡ ኖረዋል። ሥራቸው በማዕዘኑ ይታወቃል። እሳቸው የዘረጉት ኬብል የበር መቃን ጋ ሲደርስ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ይታጠፋል፤ የትም አይላላም። የሌላ ሰው ሥራ ላልቶ ካዩ «ልብስ ይሰጣበት» ብለው ያልፋሉ።

ደግሞ ሐሳብ ቶሎ ይዟቸው ይሄዳል። ምሰሶው ጫፍ ላይ ቀበቷቸውን አስረው ጥቁሩን ኬብል ሲጨብጡ፣ ውስጡ የሚያልፈው ሁሉ መዳፋቸውን እየዳበሰ የሚሄድ ይመስላቸዋል፤ የአንዱ ፊልም፣ የአንዷ ትምህርት፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት መልእክት። ደመናውም አብሮ የሚያልፍ ይመስላቸዋል። ከታች መሰላል የያዘው ባልደረባቸው «ጋሽ ኬብል፣ ተኙ እንዴ?» ይላል። «አልተኛሁም፤ ሰፈሩ ሲያልፍ እያየሁ ነው» ይላሉ።

ፋይበር የሚባለው ሲመጣ አልወደዱትም። ከፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ ክር ነው፤ በውስጡ የሚሄደውም ብርሃን ነው። «ኬብል በዝናብ ቢበጠስ በፒንሳዬ ቀጥዬ እቤቴ ገብቼ እራቴን እበላለሁ፤ ያንን ያለ ማሽን ማን ይቀጥለዋል?» ይሉ ነበር። ይሄ እውነት ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ሲጠራቸው ግን አንዴ ወገቤን፣ አንዴ ጉልበቴን እያሉ ሁለት ዓመት አሳለፉ።

ቤታቸው ውስጥ ሁለት ሰው ነው ያለው፤ እሳቸውና ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህታቸው። እህታቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት ናት፤ የምታወራው በእጇ ነው። አንድ ልጅ አላት፣ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቃ የምትኖር። ማታ ማታ፣ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ እናትና ልጅ ስልካቸውን ከፊታቸው አቁመው በቪዲዮ ይጨዋወታሉ። ያን ጊዜ ጋሽ ኬብል ተነሥተው በረንዳ ላይ፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። በእጅ ወሬ ሹክሹክታ የለም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ ይሰማል። ሰው ከልጁ ጋር ሲያወራ ደግሞ አይደመጥም።

አንድ ቀን ከልጅቱ መልእክት መጣ። «ጋሼ፣ እማዬ አልተመቸችኝም። እያወራች እጇ አየር ላይ ይቆማል። ዝም ትላለች። ከዚያ ከየት እንደጀመረች የማይታወቅ ሌላ ወሬ ታመጣለች። መርሳት ጀምራለች መሰለኝ። እኔ ጋ ክፍል አዘጋጅቼላታለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ቤቱ ገና ከአሁኑ ባዶ መሰላቸው። መጀመሪያ ያደረጉት መስመራቸውን መለካት ነበር፤ መለኪያው ላይ የወጣው ቁጥር ፈረስ ያስጋልባል። እህታቸውን ጠየቋት፤ ልጄን እንደ መስታወት ጥርት አድርጌ አያታለሁ አለች። እንግዲህ ኬብሉ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ እህታቸውን በዓይናቸው ይከተሏት ጀመር። ወደ ጓዳ ገብታ ባዶ እጇን ከተመለሰች «ይኸው ረሳች» ይላሉ በልባቸው። ኬብላቸውን ከመጠርጠር የገዛ እህታቸውን አእምሮ መጠርጠር ቀለላቸው። ይህን በኋላ ሲያስቡት በጣም አፈሩ።

ለመመካከር ብለው ልጅቱ ዘንድ ሄዱ። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ምሰሶ ሲቆጥሩ ዋሉ፤ ምሰሶዎቹ እየመጡ እየሄዱ፣ የነቁ ይሁኑ የተኙ ሳያውቁ ደረሱ። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጡ። እህታቸው ስልኩ ላይ ብቅ አለች፤ ሳቀች፤ እጇን አነሣች። እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። እንደ ፎቶግራፍ። ሲመለሱ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል።

ልጅቱ ዞር ብላ አየቻቸው። «አዩዋት፣ ጋሼ?» አለች።

ጋሽ ኬብል ግን ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ገብቶ ፊልሙን የሚከፍትበት ሰዓት ነው።

«እሷ አይደለችም የቆመችው» አሉ ቀስ ብለው። «ኬብሌ ነው። ኬብል ብዙ ያመጣል፣ ትንሽ ይወስዳል። ፊልም ለሚያይ ሰው ከቤቱ የሚሄደው ትንሽ ቢሆን ምኑም አይጎድልበትም። የእናትሽ ንግግር ግን የሚሄደው ነው። ያችኑ ትንሿን መንገድ ደግሞ በዚህ ሰዓት ከመንገዱ ሰው ሁሉ ጋር ትጋፋበታለች።»

«ይሄን አያውቁም ነበር?»

«ሃያ ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ። ስለካ ግን የሚመጣውን ብቻ ነበር የማየው። እስኪ ፋይበሩን ላስገባላትና እንየው።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። «እሺ፣ ይሞክሩት» አለች ልጅቱ። «እጇ እንደገና ከቆመ ግን እወስዳታለሁ። ብቻዬን ስፈራ ማደር ሰለቸኝ።»

ወገቤን፣ ጉልበቴን ማለት ቀረ፤ ሥልጠናው ላይ የፊት ወንበር ያዙ። አሠልጣኟ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። ዝናብና መብረቅ ፋይበሩን እንደማይነካው፣ የሚመጣውም የሚሄደውም እኩል እንደሚሰፋለት፣ መብራት ከጠፋ ግን ቤት ያለው ሳጥን እንደ ኬብሉ ሞደም ድርግም እንደሚል አስረዳች። «ደግሞ ጋሼ፣ ይሄን ክር ማጠፍ የለም። ሰፊ ዙር ይስጡት» አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ራሳቸው ሰማ፤ እጃቸው ግን አልሰማም። በወሩ የመጨረሻ ቀን ፋይበሩን ወደ ቤታቸው ሲያስገቡ፣ ሐሳብ ይዟቸው ሄዶ፣ ክሩ በሚያልፍባቸው ሦስት የበር መቃኖች ላይ ያንን የታወቀውን ማዕዘናቸውን አወጡ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው አዩት፤ ያምራል። ነጯ ሳጥን ላይ ግን የሚበራው መብራት ቀይ ነው። አንድ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

ቀይ ብርሃን የሚልከውን መፈተሻ ከመስመሩ ጋር አገናኙና አምፖሉን አጠፉ። በጨለመው ክፍል ውስጥ ሦስቱ ማዕዘኖች እንደ ፍም በሩ። ብርሃኑ በታጠፈበት እየፈሰሰ ነበር። እህታቸው መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ለአፍታ ሁለቱም የመጡበትን ረሱ፤ ግድግዳው ውስጥ ሌላ ቤት ያለ፣ እዚያም ሰው እሳት አንድዶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ፊቷ ቀልቶ፣ እጆቿን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ «እንዴት ያምራል» አለች።

«የሚያምረው እየፈሰሰ ስለሆነ ነው» አሏት በእጃቸው።

ማያዣ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። የሃያ ሰባት ዓመት ሥራቸውን የሚያፈርሱ መስሏቸው ከፋቸው። ከዚያም ክሩን በየመቃኑ ላይ በሰፊው አዞሩት፤ ልል፣ ድብልብል ያለ፣ ለዓይን የማይመች። ሳጥኗ አረንጓዴ አበራች።

አንድ ሰዓት ሆነ። እንደ ልማዳቸው ወደ በረንዳ ሊወጡ ተነሡ፤ ግን የእህታቸው እጅ ይቆም እንደሆን ማየት አለባቸው። ከኋላዋ ቆሙ። እህታቸው ጀመረች። እጆቿ አልቆሙም። ልጅቱ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ስንት ወር ሙሉ ስነግርሽ አልሰማ አልሽ» አሉ የእህታቸው እጆች። «አልመጣም። ወንድሜን ለማን ትቼ ነው የምመጣው? ድስት ጥዶ ይረሳል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ሲመለስ የቤታችን በር ጠፍቶበት ጎረቤት ነው ይዞት የመጣው። የሚረሳው እሱ ነው፣ ልጄ። እኔ አይደለሁም።»

ልጅቱ እጆቿን አነሣች። «እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም። ድካም ይመስለዋል። እንዳትነግሪው።»

ልጅቱ ከእናቷ ትከሻ በላይ ቀና አለች። ዓይኗ ከአጎቷ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። «እሺ» አለች በእጇ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «አልነግረውም።»

ጋሽ ኬብል፣ መስማት የተሳናት እህታቸው እንዳትሰማቸው ብለው፣ በእግራቸው ጣት እየረገጡ ወጡ። በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ተቀመጡና አለቀሱ።