ካርቡሬተሩን የነቀለው ይሄይስ

ይሄይስን የቋሪት ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው በላንድሮቨሩ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ ጋራዥ አለችው። አምቡላንስ በማይደርስበት ቀበሌ ሰው ሲታመም የሚደወለው ለእሱ ነበር። ምጥ የጠናባት፣ በሬ የወጋው፣ እባብ የነደፈው፣ ስንቱ በዚያች አሮጌ መኪና ወደ ሐኪም ወርዷል።

ችግሯ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሯ ነበር። አርጅቷል፤ መለዋወጫውም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ወደ ቋሪቷ ገበዘ ማርያም ደጋ ሽቅብ ስትወጣ ቤንዚኑ ይበዛባትና ጥቁር ጭስ እየተፋች ትታነቃለች። ይሄይስ ወርዶ ይፈታል፣ ቀዳዳዎቹን በአፉ ይነፋል፣ መልሶ ይገጥማል። በዚያ መሀል በሽተኛው ከኋላ ያቃስታል። ያን ማቃሰት መስማት ከበደው።

አንድ ክረምት ቆርጦ ተነሳ። ከተገለበጠ የቤት መኪና ላይ ቤንዚን እየለኩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች፣ የነዳጅ ፓምፑንና የሚያዛቸውን ኮምፒውተር አውርዶ፣ ካርቡሬተሩን ነቅሎ በቦታው ገጠማቸው። ወንዳወቅ የሚባል የባሕር ዳር ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ኮምፒውተሩን በላፕቶፕ አስተካከለለት። የቀረውን ሽቦ ይሄይስ ራሱ አሰረ።

ሚስቱ አልጣሽ አልወደደችውም።

«የድሮው ቢበላሽ እጅህ ያውቀዋል። ይኼን ማን ያውቅልሃል?»

«የድሮውማ ሰው ሊገድልብኝ ነው» አላት።

ተሳካለት። መኪናዋ ቁልፍ ሲነካት ትነሳለች፤ ዳገቱን ያለ አንዳች ጭስ ትወጣዋለች። ያን ዓመት ይሄይስ እያፏጨ ነበር የሚነዳው።

በዓመቱ መስከረም ላይ በለጠች ደወለች፤ የልጅነት ጓደኛው የባንተአምላክ ሚስት ናት። «አያ ይሄይስ፣ ይድረሱልኝ! ሆዱ ተነፍቶ ሲጮህ አደረ።» ምሳውን ጥሎ ወጣ።

ሕመምተኛውን ከነሚስቱ ጭኖ ሲመለስ፣ ወንዝ ተሻግረው ከማዶ ያለውን ዳገት እንደጀመሩ ሞተሩ ዝም አለ። አልተንተፋተፈም፣ አላጨሰም፤ ጠፋ፣ በቃ። ይሄይስ ኮፈኑን ከፈተ። የሚነፋው ቀዳዳ የለም፤ ሽቦና ጥቁር ሣጥን ብቻ። ፊውዙን አየ። ፓምፑ ድምፅ አይሰጥም። ለወንዳወቅ ሊደውል ጉብታው ላይ ሮጦ ወጣ፤ ኔትወርክ የለም።

ሲወርድ ባንተአምላክ በደከመ ድምፅ ጠራው።

«ይሄይስ፣ ናማ አጠገቤ ተቀመጥ።»

«አንዴ፣ ይችን ሽቦ ልያት።»

«ተዋት ግዴለም። ና።»

አልሄደም። ሽቦ እየተከተለ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እዚያው እንዳለ የበለጠችን ጩኸት ሰማ። ጩኸቱን የሰሙ የአካባቢው ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ሲደርሱ የሚሸከሙት ሬሳ ነበር።

ከቀብር በኋላ መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ይሄይስ ከሥሯ ተንጋሎ የፓምፑን ሽቦ አንድ በአንድ ፈተሸ። እሱ ራሱ ያሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ ዝጎ ለቅቋል። ፍቆ መልሶ አሰረው፤ አልጣሽ ቁልፉን አዞረች።

«ተነሳች እኮ!» አለች ሳታስበው። ወዲያው መልሳ ሞተሩን አጠፋችው።

በለጠች አንድም ቀን አልወቀሰችውም። ተዝካሩ ላይ እንኳ «የእግዜር ቀን ነው አያ ይሄይስ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ» አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ከቋሪት አሁንም ይደወላል። «አትነሳም፣ እስካሁን አልተሠራችም» ይላል ይሄይስ። ደዋዩ አመስግኖ ይዘጋል። አልጣሽ መጀመሪያ መጀመሪያ ትቆጣው ነበር፤ አሁን ትታዋለች።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማያውቀው ሰው ደወለ። እህቱ ምጥ ከያዛት ቆይቷል፣ ደም ይፈሳታል። ይሄይስ የመኪናዋን በር ተደግፎ ቆሟል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።

«አትነሳም ወንድሜ» አለው።

የሴትዮዋ ነገር የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ ማንንም አልጠየቀም።